የዛፍ ወተት፣ ጎማና ላቴክስ፤ የአንድ ቁስ ታሪክ ለስያሜ ሥራ የሚሰጠው ትምህርት

1. መግቢያ

በአማርኛ «ጎማ» የሚለው ቃል የሚሸከመው ፍች ብዙ ነው። «ጎማው ፈነዳ»፣ «ጎማ አስነፋ» ሲባል የተሽከርካሪ ጎማ ማለት ነው። የጎማ ቱቦ፣ የጎማ ማኅተም፣ የጎማ ዱላ ሲባል ደግሞ ቃሉ የሚያመለክተው ዕቃው የተሠራበትን ቁስ ነው። የጎማ ዛፍ ሲባል ቁሱ የሚገኝበት ተክል ይጠራል። በዚህ ላይ በፋብሪካ ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦ የሚሠራው ሰው ሠራሽ ቁስም ያው ጎማ ይባላል። በዕለት ተዕለት ንግግር ይህ የፍች ብዛት ችግር አያመጣም፤ ዐውዱ የተናጋሪውን ሐሳብ ይለየዋልና። የሕክምና ዕቃ መግለጫ፣ የፋብሪካ የሥራ መመሪያ ወይም የንግድ ውል በሚተረጎምበት ጊዜ ግን አንዱ ቃል ለሁሉም ማገልገሉ ከባድ ስሕተት ላይ ሊጥል ይችላል። ስሕተቱም የአገላለጽ ጉድለት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከዚህ በታች እንደምናሳየው፣ አንዳንድ ጊዜ የሰው ሕይወት የሚያያዝበት ጉዳይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጎማንና የላቴክስን ታሪክ ከስያሜዎቹ ታሪክ ጋር አጣምሮ መመልከት ነው። ቁሱ በየዘመኑ አዲስ መልክ ባገኘ ቁጥር ቋንቋዎች አዲስ ስም ፈጥረውለታል፤ ወይም ደግሞ አሮጌውን ስም ለአዲሱ ነገር አውሰው በኋላ ተቸግረዋል። ይህን ሂደት ብንከተል አማርኛ የትኞቹን ጽንሰ ሐሳቦች መለየት እንደሚገባው በቀላሉ ለመረዳት እንችላለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

2. «ጎማ» የተባለው ቃል አመጣጥ

«ጎማ» ወደ አማርኛ የገባው ከኢጣልያንኛ ነው። የጎማ ጠጋኙን መጠሪያ «ጎሚስታ»ን የሰጠንም ያው ቋንቋ ነው። የኢጣልያንኛው ቃል ከላቲን፣ የላቲኑ ከጽርዕ፣ የጽርዑም ከጥንታዊ ግብጽ ቋንቋ የተወረሰ መሆኑን የቃላት ታሪክ አጥኚዎች ያስረዳሉ። በጥንት ግብጻውያን ዘንድ ቃሉ ከዛፍ የሚንጠባጠበውን ሙጫ ያመለክት ነበር። የምሥራቅ አፍሪካ የግራር ሙጫ በንግድ ወደ ሜዲትራንያን ዳርቻ ሲሻገር ስሙም አብሮት ተጓዘ። ከብዙ ምዕተ ዓመታት በኋላ አውሮጳውያን ከአሜሪካ አንድ የሚለጠጥ የዛፍ ውጤት ሲያገኙ፣ ለእሱም ያንኑ የሙጫ ስም ሰጡት። ቃሉ ከአባይ ሸለቆ ተነሥቶ በአውሮጳ ዞሮ ወደኛ ሲመለስ ትርጉሙ ሌላ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

ይህ ታሪክ ለስያሜ ሠራተኛ ጠቃሚ ነው። በአማርኛ «ሙጫ» እና «ጎማ» ሁለት የተለያዩ ቃላት ሆነው መቀጠላቸው ለቋንቋው የተረፈ ሀብት ነው። ኢጣልያንኛ ግን ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራቸዋል። ልዩነቱም እውነተኛ ነው። የግራር ሙጫ በውሃ የሚሟሟ ሲሆን፣ ዕጣንና ከርቤ የሙጫና የሬንጅ ቅልቅል ናቸው። ጎማ የሚሰጠው ፈሳሽ ግን ከእነዚህ ከሁለቱም የተለየ ነው። እርሱ በውሃ ውስጥ የተበተኑ እጅግ ደቃቅ የጎማ ቅንጣቶች ያሉበት፣ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ነው። የአገራችን ሰው ቁልቋልን ወይም ቅንጭብን ሲሰብር፣ የሾላን ቅርፊት ሲጭር የሚያየው ነጭ ፈሳሽ የዚሁ ዓይነት ነው፤ ጎማነቱ ግን ለፋብሪካ የሚበቃ አይደለም። ሕዝቡ ይህን ፈሳሽ «ወተት» ማለቱ፣ የሳይንስ ሰዎች ወደ ላቲን ሄደው «ፈሳሽ» የሚል ትርጉም ያለውን «ላቴክስ» ከመዋሳቸው ይልቅ ለነገሩ የቀረበ ነው ለማለት ይቻላል።

3. ሦስት ስሞች፣ ሦስት አስተያየቶች

ጎማን አስቀድመው የሠሩት የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝቦች ናቸው። በዛሬዪቱ ሜክሲኮ በቬራክሩዝ ግዛት ኤል ማናቲ በተባለ ሥፍራ የተገኙት የጎማ ኳሶች ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ የሚያስቆጥሩ ናቸው። ሠሪዎቹ ካስቲያ ኤላስቲካ የተባለውን ዛፍ ወተት ከአንድ የሐረግ ጭማቂ ጋር ያቀላቅሉ ነበር። ድብልቁ ይረጋና የሚነጥር ጥንካሬ ያገኝ ነበር። በናዋትል ቋንቋ የቁሱ ስም «ኦሊ» ነው፤ የስፓንኛው «ኡሌ» ከዚሁ የመጣ ሲሆን፣ «ኦልሜክ» የተባለው የጥንት ሕዝብ መጠሪያም «የጎማ አገር ሰዎች» ማለት ነው። ኮዴክስ ሜንዶዛ በተባለው ሰነድ እንደተመዘገበው የቶችቴፔክ ግዛት ለአዝቴክ መንግሥት ከሚያስገባው ግብር ውስጥ 16,000 የጎማ ኳሶች ይገኙ ነበር።

ሁለተኛው ስም የመጣው ከደቡብ አሜሪካ ነው። ፈረንሳዊው ሻርል ማሪ ደ ላ ኮንዳሚን በ1736 ከኪቶ ወደ ፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የጎማ ናሙና ላከ፤ ከናሙናውም ጋር «ካውቹክ» የሚለውን የአገሬውን ቃል አስተላለፈ። ቃሉ «የሚያለቅስ ዛፍ» ማለት ነው የሚለው ማብራሪያ በብዙ መጻሕፍት ይደገማል፤ ነገር ግን በቋንቋ ጥናት ሚዛን ላይ ሲመዘን የጸና መሠረት ያለው አይደለም። ስሙ በፈረንሳይኛ፣ በጀርመንኛ፣ በሩስኛና በሌሎችም ቋንቋዎች ተተክሏል።

ሦስተኛው የእንግሊዝኛው ስም ነው። ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1770 ስለ ሥዕል ዕይታ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፣ የእርሳስ ጽሕፈትን ከወረቀት ለማጥፋት የሚያገለግል አንድ ቁስ ማየቱን ጠቀሰ። ከዚህ ከመፋቅ ተግባሩ የተነሣ እንግሊዞች ቁሱን «መፋቂያ» በሚል ትርጉም «ረበር» አሉት። አማርኛ በዚህ በኩል የሄደበት መንገድ ተቃራኒና አስገራሚ ነው። መፋቂያውን «ላጲስ» እንለዋለን፤ በኢጣልያንኛ ግን «ላፒስ» ማለት ጻፊው እርሳስ እንጂ አጥፊው መፋቂያ አይደለም። እንግሊዝኛ ቁሱን በአጥፊው ሥራ ሲጠራ፣ አማርኛ አጥፊውን በጻፊው ስም ጠራው።

ከሦስቱ ስሞች አንዱ የቁሱን አገር፣ ሌላው የአገሬውን ንግግር፣ ሦስተኛው ለአንድ ትንሽ ዕቃ ያገለገለበትን ሥራ ይናገራል። የቁሱን ባሕርይ የሚገልጽ ግን አንድም የለም። ባሕርዩ ገና አልታወቀም ነበርና።

4. ጥሬውና የበሰለው

በአሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመትና በአሥራ ዘጠነኛው መጀመሪያ አውሮጳ የሚደርሰው የረጋና የደረቀ ጎማ ነበር። ወተቱ በመንገድ ስለሚበላሽ ፈሳሹን ማጓጓዝ አልተቻለም። የደረቀውን ለመጠቀም እንደገና ማለስለስ ወይም ማሟሟት ግድ ነበር። ቶማስ ሃንኮክ በ1820 ጎማን እየፈጨ የሚያለሰልስ መኪና ሠራ፤ ቻርልስ ማኪንቶሽ በ1823 ጎማን በናፍታ አሟሙቶ በሁለት ጨርቆች መካከል በመቀባት ዝናም የማያስገባ ልብስ የሚሠራበትን ዘዴ በፓተንት አስመዘገበ። ነገር ግን እነዚህ ዕቃዎች በብርድ ይደርቃሉ፤ በሙቀትም ይጣበቃሉ።

ችግሩን የፈታው ጎማን ከድኝ ጋር ማሞቅ ነው። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ይህን በ1839 አግኝቶ በ1844 ፓተንት ሲያገኝ፣ ሃንኮክ በእንግሊዝ በ1843 ቀድሞ አመለከተ። የሥራው ስም «ቩልካናይዜሽን» የተባለው በሃንኮክ ወዳጅ በዊልያም ብሮክደን ሐሳብ ነው፤ ቃሉም ቩልካን ከተባለው የሮማውያን የእሳት አምላክ ስም የተወሰደ ነው። ያን ጊዜ በቁሱ ውስጥ ምን እንደተፈጸመ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ እንደሚታወቀው ረጃጅሞቹን የጎማ ሞለኪውሎች የድኝ ድልድዮች እርስ በርሳቸው ያያይዟቸዋል። ስለዚህ ሲሳቡ ይለጠጣሉ፣ ሲለቀቁ ግን ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። ይህን ማስረዳት የተቻለው ሄርማን ሽታውዲንገር በ1920 ጎማን የመሰሉ ቁሶች እጅግ ረጃጅም ሞለኪውሎች ናቸው የሚለውን ሐሳብ ካቀረበ በኋላ ነው። ሐሳቡ በመጀመሪያ ብርቱ ተቃውሞ ቢገጥመውም በ1953 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል።

ከድኙ ግኝት በኋላ ብዙ ቋንቋዎች ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን ለይተው መጥራት አስፈለጋቸው። ጀርመንኛ ጥሬውን «ካውቹክ»፣ የበሰለውን «ጉሚ» ይላል። ሩስኛም እንዲሁ ጥሬውን «ካውቹክ»፣ የበሰለውን «ሬዚና» ይለዋል። እንግሊዝኛ ግን ሁለቱንም «ረበር» ስለሚል ልዩነቱን በቅጽል ይገልጻል። አማርኛ በአብዛኛው የሚተረጉመው ከእንግሊዝኛ በመሆኑ ይህን ልዩነት ሳያውቀው ሊያጠፋው ይችላል። ይሁን እንጂ ከማድ ቤት የወረሳቸው «ጥሬ» እና «የበሰለ» የተባሉት ጥንድ ቅጽሎች ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች ያለ አዲስ ቃል ለመለየት በቂ ናቸው። በእንግሊዝኛው የሙያ ቋንቋም ቢሆን ሥራውን የሚገልጸው የተለመደ ቃል ምግብን በጨው ወይም በጢስ አዘጋጅቶ ለማቆየት የሚያገለግለው ግስ መሆኑን ልብ ይሏል።

5. ወተቱ የተከፈለበት ዋጋ

የበሰለው ጎማ የባቡርን፣ የፋብሪካንና የኤሌክትሪክን ሥራ ሲያገለግል ቆየ። ጆን ቦይድ ደንሎፕ በ1888 በቤልፋስት በአየር የሚነፋ ጎማ ከሠራ በኋላ ደግሞ ፍላጎቱ እጅግ ጨመረ። በዚያ ዘመን ጎማ የሚገኘው ከዱር ነበር፤ በአማዞን ከሄቪያ ዛፍ፣ በመካከለኛው አፍሪካ ላንዶልፊያ ከተባሉ ሐረጎች። በንጉሥ ሌኦፖልድ 2ኛ ሥር በነበረው የኮንጎ ነጻ መንግሥት ሕዝቡ የተመደበለትን የጎማ መጠን እንዲያስገባ በጦር ይገደድ ነበር፤ ያላስገባው ይገረፍ፣ ቤተሰቡ በመያዣነት ይታሠር፣ እጁም ይቆረጥ ነበር። የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ሮጀር ኬስመንት ያቀረበው ዘገባ በ1904 ታትሞ ዓለምን አስደነገጠ፤ በ1908 ግዛቱ ከንጉሡ እጅ ወጥቶ ለቤልጅግ መንግሥት ተላለፈ። የዚህ ዘመን ታሪክ ጸሐፊዎች ምርቱን «ቀዩ ጎማ» ይሉታል። ይህን ሐረግ የሚያገኝ ተርጓሚ ስለ ቀለም የሚናገር መስሎት እንዳይሳሳት መጠንቀቅ ይገባዋል፤ «ደም የፈሰሰበት ጎማ» ማለት ነውና።

የዱሩን ጎማ ዘመን ያሳጠረው የእርሻ ጎማ ነው። ሄንሪ ዊክሃም በ1876 ከብራዚል ወደ 70,000 የሚጠጉ የሄቪያ ዘሮችን ለንደን አጠገብ ወደሚገኘው የኪው የዕፅዋት ማዕከል አደረሰ፤ ከእነዚህም የበቀሉት ወደ 2,700 የሚሆኑ ነበሩ። ችግኞቹ በአብዛኛው ወደ ሴሎን ተላኩ፤ በ1877ም 22 ችግኞች ሲንጋፖር ደረሱ። በሲንጋፖር የዕፅዋት ማዕከል ኃላፊ የነበረው ሄንሪ ሪድሊ ዛፉን ሳይገድሉ ቅርፊቱን በስሱ እየበጡ ለብዙ ዓመታት ወተት የሚቀዱበትን ዘዴ አዳበረ። በ1913 ገደማ የእስያ እርሻዎች ምርት ከዱር ጎማ በለጠ። ሄንሪ ፎርድ በ1928 በአማዞን የጀመረው ሰፊ እርሻ ግን ቅጠልን በሚያደርቅ የፈንገስ በሽታና በአስተዳደር ጉድለት ምክንያት ከስሮ በ1945 ተተወ። ዛሬም የተፈጥሮ ጎማ በብዛት የሚመረተው በታይላንድ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በቬትናምና በኮትዲቯር እንጂ በትውልድ አገሩ በብራዚል አይደለም።

6. ላቴክስ ራሱን የቻለ ቁስ ሲሆን

እስከ ሃያኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ወተቱ መሸጋገሪያ ብቻ ነበር፤ ወዲያው ረግቶ ወደ ጎማ ይለወጥ ነበርና። በእርሻው ሥፍራ ወተቱ በጥቂት አሲድ ይረጋል፣ በመዳመጫ ይጠፈጠፋል፣ ይደርቃል ወይም በጢስ ይታጠናል። አማርኛ ይህን ሂደት ለመግለጽ አይቸገርም፤ ወተት ረግቶ እርጎ እንደሚሆን ሁሉ የዛፍ ወተትም ይረጋል።

በ1920ዎቹ ግን ሁኔታው ተለወጠ። ወተቱ እንዳይረጋ አሞኒያ መጨመርና ውሃውን በመቀነስ ማወፈር ተለመደ። ከዛፉ እንደተቀዳ ከ30 እስከ 40 በመቶ ያህል ጎማ የሚይዘው ፈሳሽ፣ ክሬምን ከላም ወተት ከሚለየው መኪና ጋር በአሠራሩ በሚመሳሰል መሣሪያ እየተሽከረከረ 60 በመቶ ጎማ የሚይዝ ይሆናል። ይህ ፈሳሽ በመርከብ ተጭኖ ሩቅ አገር ለመድረስ ቻለ። ከዚህ በኋላ ጎማን ማሟሟት ሳያስፈልግ፣ ቅርጽ ማውጫውን በፈሳሹ ውስጥ ነክሮ በማውጣት ብቻ ስስ ዕቃ መሥራት ተቻለ። ኮንዶም፣ ፊኛና የሕክምና ጓንት የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። በ1929 ደግሞ ላቴክስን እንደ እንቁላል አረፋ በመምታት ለፍራሽና ለመቀመጫ የሚሆን ስፖንጅ ተሠራ።

ጓንትን በሚመለከት አንድ ታሪክ መጥቀስ ይገባል። በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ይሠራ የነበረው ዊልያም ሃልስተድ፣ ረዳቱ የነበረችው ነርስ ካሮላይን ሃምተን እጇ በተሐዋስያን ማጥፊያ ኬሚካል በመቁሰሉ ምክንያት በ1890 ገደማ ለጎማ ፋብሪካ ስስ ጓንት አዘዘላት። ጓንቱ መጀመሪያ የተሠራው ለታማሚው ሳይሆን ለሐኪም ረዳቷ ቆዳ መከላከያ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ያው ጓንት ራሱ የሐኪሞችን ቆዳ የሚያሳክክና አልፎም እስትንፋስ የሚያሳጥር ሆኖ ተገኘ።

7. ሰው ሠራሽ ጎማና የስሙ መስፋት

ኬሚስቶች የጎማን መሠረት ፍለጋ ቀደም ብለው ጀምረው ነበር። ግሬቪል ዊልያምስ በ1860 ጎማን በሙቀት በማፍረስ አይሶፕሪን የተባለውን ትንሽ ሞለኪውል ለየ። ይህን የመሰሉ ሞለኪውሎችን እንደገና ሰንሰለት አድርጎ ጎማ መሥራት ቀጥሎ የመጣ ሐሳብ ነው። ሰርጌይ ሌበድየፍ ቡታዳይን ከተባለ ጋዝ ጎማ መሥራት የሚቻልበትን መንገድ በ1910 አሳየ፤ ሶቪየት ኅብረትም በ1932 በፋብሪካ ማምረት ጀመረች። ጀርመኖች የሠሩትን «ቡና» አሉት። ይህ ስም ከአገራችን ቡና ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ የ«ቡታዳይን» እና በጀርመንኛ የሶዲየም ስም የሆነው «ናትሪየም» መነሻ ክፍለ ቃላት ተገጣጥመው የተገኘ ነው። አሜሪካዊው ዋላስ ካሮተርስና ባልደረቦቹም በ1930 ገደማ ኒዮፕሪንን አገኙ። በ1942 መጀመሪያ ጃፓን ማላያንና የሆላንድ ኢንዲስን ስትይዝ ከዓለም የተፈጥሮ ጎማ አቅርቦት ውስጥ ዘጠኝ አሥረኛ ያህሉ ለአሜሪካና ለተባባሪዎቿ ተቋረጠ። ሰው ሠራሽ ጎማ የአማራጭነት ደረጃውን አልፎ ግዴታ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ሰው ሠራሽ ጎማ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው በውሃ ውስጥ ደቃቅ ቅንጣቶችን በማሳደግ ነው። የሚገኘውም ነጭ ፈሳሽ ከዛፍ ወተት ጋር ስለሚመሳሰል ኬሚስቶች ይህንንም «ላቴክስ» አሉት። ከዚያ ወዲህ በኬሚስትሪ ቋንቋ ላቴክስ ማለት የፖሊመር ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ የተበተኑበት ማንኛውም ቅይጥ ሆነ፤ ዛፍ ኖረበትም አልኖረበትም። በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ገበያ የወጣው «የላቴክስ ቀለም» የሚባለው የቤት ቀለም ከዛፍ የተገኘ ጎማ የለበትም። ስሙን ያገኘው በውሃ ውስጥ ከተበተኑት ሰው ሠራሽ ቅንጣቶች ነው። ስለዚህ ይህን ስያሜ በቀጥታ «የጎማ ቀለም» ብሎ የሚተረጉም ሰው ቁሱን ፈጽሞ ይለውጠዋል። ትክክለኛው «በውሃ የሚበጠበጥ ቀለም» ነው።

8. «ከላቴክስ ነጻ» የሚለው ሐረግ ያስከተለው ችግር

ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኤድስ ወረርሽኝ ምክንያት የሕክምና ጓንት ፍጆታ በብዙ እጥፍ አደገ። ከዚህም ጋር በሐኪሞች፣ በነርሶችና ደጋግመው ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው በሽተኞች ላይ የላቴክስ አለርጂ ጎልቶ ታየ። መንሥኤው ጎማው ራሱ ሳይሆን በዛፉ ወተት ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ናቸው። እነዚህ ፕሮቲኖች በሙዝ፣ በአቮካዶና በኪዊ ፍሬ ውስጥ ካሉት ጋር ስለሚመሳሰሉ፣ አንዳንድ የላቴክስ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች እነዚህን ፍሬዎች ሲበሉም ይታመማሉ። በጓንቶቹ ውስጥ የሚነሰነሰው ዱቄት ፕሮቲኖቹን ይዞ በአየር ስለሚበተን ጓንቱን ያልነካ ሰውም ይጎዳ ነበር።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ1991 ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በ1997 ያወጣውና በ1998 ሥራ ላይ የዋለው ደንብ ደግሞ በሕክምና ዕቃዎች ላይ የሚጻፈውን ቃል ወሰነ። ደንቡ ለስያሜ ባለሙያ ሁለት ጠቃሚ ነገሮች አሉት። አንደኛ፣ ከፈሳሹ በመንከር የተሠራውን «የተፈጥሮ ጎማ ላቴክስ» እና ከረጋውና ከደረቀው የተሠራውን «ደረቅ የተፈጥሮ ጎማ» ለየብቻ እንዲጻፉ አዘዘ። በመንከር በሚሠራው ዕቃ ውስጥ ሊታጠብ የሚችል ፕሮቲን ብዙ ሊቀር ስለሚችል ልዩነቱ የጤና ልዩነት ነው። ሁለተኛ፣ «አለርጂው ዝቅተኛ የሆነ» የሚለው አባባል ላቴክስ ባለባቸው ዕቃዎች ላይ እንዳይጻፍ ከለከለ። አባባሉ የመጣው በማብሰያ ኬሚካሎች ምክንያት ከሚደርስ የቆዳ ችግር ጋር በተያያዘ እንጂ ከፕሮቲኖቹ ጋር በተያያዘ አልነበረም፤ ገዢው ግን ይህን አያውቅምና ጓንቱን ያለ ሥጋት ያጠልቀዋል።

ይኸው መሥሪያ ቤት በ2014 ባወጣው መመሪያ ደግሞ «ከላቴክስ ነጻ» የሚለው ሐረግ እንዳይጻፍ መከረ። ምክንያቱም አምራቹ በዕቃው ውስጥ አንድም የላቴክስ ፕሮቲን አለመኖሩን ማረጋገጥ አይችልም፤ ማረጋገጥ የሚችለው በሥራው ያልተጠቀመበት መሆኑን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚመከረው «በተፈጥሮ ጎማ ላቴክስ ያልተሠራ» የሚለው አገላለጽ ነው። በዚህ ላይ ናይትራይል የተባለው ጓንት የሚነከረው በሰው ሠራሽ ላቴክስ ውስጥ በመሆኑ፣ በኬሚስቱ ቋንቋ «ከላቴክስ ነጻ» ብሎ መጥራቱ ራሱ የተሳሳተ ነው። በጓንቶች ላይ ዱቄት መነስነስም በ2016 በወጣና በ2017 ሥራ ላይ በዋለ ደንብ በዚያች አገር ታግዷል።

እንግዲህ የአንድን ጓንት መግለጫ ወደ አማርኛ የሚመልስ ተርጓሚ ሁሉንም «የጎማ ጓንት» ቢል፣ አለርጂ ያለበት ሰው የሚፈራውን ዕቃ ከማይፈራው መለየት አይችልም። «ከጎማ ነጻ» ቢል ደግሞ ናይትራይልም ጎማ ነውና ውሸት ይሆናል። የስያሜ ጥራት እዚህ ላይ የውበት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል።

9. የስያሜ ሐሳቦች

ከላይ ከተዘረዘረው ታሪክ በመነሣት የሚከተሉትን እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ስለ ተክል በሚነገርበት ጊዜ ከተክሉ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ እንደ ሕዝቡ አነጋገር «ወተት» ይባል፤ የቁልቋል ወተት፣ የጎማ ዛፍ ወተት እንደማለት። በዕቃ መግለጫ ላይ ግን ይህ ቃል ከምግብ ጋር ሊምታታ ስለሚችል አይሆንም።

ሁለተኛ፤ ለፋብሪካው ፈሳሽ «ላቴክስ» የሚለውን ቃል መቀበል ይሻላል። «ጎማ» ራሱ ባዕድ ሆኖ ሳለ ቤተኛ እንደሆነ ሁሉ ይህም ይለመዳል። ቃሉ ብቻውን ሲቀመጥ አሻሚ ስለሆነ ግን «የተፈጥሮ ጎማ ላቴክስ» እና «ሰው ሠራሽ ላቴክስ» ተብሎ መለየት አለበት። አጻጻፉም በእንግሊዝኛው ድምፅ ሳይሆን በላቲኑ «ላቴክስ» ይሁን።

ሦስተኛ፤ ያልበሰለው «ጥሬ ጎማ»፣ የበሰለው «የበሰለ ጎማ» ይባል፤ ሥራው «ጎማ ማብሰል» ይሁን። «በድኝ ማብሰል» የሚለው ድኝ ለተጨመረበት ሥራ ብቻ መዋል አለበት፤ በሌሎች ኬሚካሎችም ማብሰል ይቻላልና። ረግቶ ከደረቀው ለሚሠራ ዕቃ «ደረቅ የተፈጥሮ ጎማ» የሚለው ያገልግል።

አራተኛ፤ የተሽከርካሪው ክፍል በሙያ ጽሑፍ ውስጥ «የተሽከርካሪ ጎማ» ተብሎ በሙሉ ይጻፍ፤ «ጎማ» ብቻውን ሲጻፍ ቁሱን ያመልክት።

አምስተኛ፤ «ላስቲክ» የሚለው ቃል የመለጠጥን ባሕርይ ለመግለጽ አይመረጥም። በመነሻው የሚለጠጥ ማለት ቢሆንም፣ በገበያው ቋንቋ ስሱን የፕላስቲክ ከረጢትና ሉህ ጭምር ስለሚያመለክት ያሳስታል። «የሚለጠጥ» የሚለው የራሳችን ቃል ይበቃል።

ስድስተኛ፤ በሕክምና ዕቃ ላይ «በተፈጥሮ ጎማ ላቴክስ ያልተሠራ» የሚለው ሐረግ ሳያጥር ይጻፍ። ረዥም ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን አጭሩ ሐረግ የሚተወው ክፍል በሽተኛው ለማወቅ የሚፈልገው ክፍል ነው።

የጎማ ስሞች የተሰጡት በየዘመኑ ፊት ለፊት በታየው ነገር ነው፤ በአንዱ ዘመን በኳስ፣ በሌላው በመፋቂያ፣ በሌላው በእሳት አምላክ። እኛ ዘግይተን በመድረሳችን ያገኘነው ጥቅም አለ፤ ቁሱን ከነባሕርዩ አውቀን ለመሰየም እንችላለን። በነባሩ ቃላችን ላይ ጥቂት ቅጽሎችን በጥንቃቄ መጨመር ለዚህ ይበቃል። የቀረው የተርጓሚው ሥራ ነው፤ ከፊቱ ያለው ቃል ከዛፉ፣ ከበርሜሉ፣ ከምድጃው ወይስ ከኬሚስቱ ጠርሙስ የወጣ መሆኑን ጠይቆ ሳያረጋግጥ «ጎማ» ብሎ እንዳያልፍ።